«እናቴ ስለሆንሽ ነው እንጂ!»

ጥያቄ፦ ልጄ 15 ዓመቷ ነው። ዘንድሮ ትምህርት ቤት ከቀየረች ወዲህ ፀባይዋ ተለወጠብኝ። መስታወት ፊት ቆማ «እኔ ምኔም አያምርም» ትላለች። መልሱን እያወቀችው ክፍል ውስጥ እጇን አታወጣም። እኔ ጠዋት ማታ «ቆንጆ ነሽ፣ ጎበዝ ነሽ» እላታለሁ። እሷ ግን «እናቴ ስለሆንሽ ነው እንጂ!» ብላ በሩን ዘግታ ትገባለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ እናት፣ ልጅዎ የተናገረችው ቁም ነገር ነው። ለዓመታት ከወጣቶች ጋር ስሠራ ይህን ንግግር ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። በዚህ ዕድሜ ልጆች ራሳቸውን የሚመዝኑት በእኩዮቻቸው ዓይን ጭምር ነው። እሷ ደግሞ የለመደቻቸውን እኩዮች በአንዴ አጥታለች።

ብዙ ወላጆች ልጃቸው ለራሷ ከፍ ያለ ግምት እንዲኖራት ከሌሎች እንደምትበልጥ ሊነግሯት ይሞክራሉ። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ሞሪስ ሮዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጣውና ዛሬም የሚሠራበት፣ ሰው ለራሱ ያለውን ግምት የሚለካው ባለ 10 ዓረፍተ ነገር መመዘኛ ግን ስለ መብለጥ አይጠይቅም። የሚጠይቀው «ቢያንስ ከሌሎች እኩል ዋጋ አለኝ» ብሎ ስለ ማመን ነው። ልጅዎ የጎደላት ይህ ይመስለኛል።

የተጋነነ ሙገሳ ደግሞ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት፣ ለራሳቸው ዝቅ ያለ ግምት ያላቸው ልጆች ሥዕላቸው «በጣም የሚገርም ነው!» ሲባልላቸው፣ ቀጥሎ ቀለል ያለውን ሥዕል ወደ መምረጥ አዘንብለዋል። ስለዚህ ያዩትን ብቻ ይንገሯት። «ወንድምሽ ሒሳቡ አልገባ ሲለው ሳትሰለቺ እንደገና አስረዳሽው» ቢሏት፣ እናቴ ስለሆንሽ ነው ልትል አትችልም። ነገሩ ተደርጓላ!

ማኅበራዊ ድጋፍ የሚሠራው ልጅቷ ራሷ «ሰው አለኝ» ብላ ስታምን ነው። «ዛሬ እንዴት ዋልሽ?» ሲሏት «ደህና» ብላ ትገላገላለች። ዕቃ አብራችሁ እያጠባችሁ «ዛሬ ዕረፍት ላይ ከማን ጋር ነበርሽ?» ይበሏት። ጎን ለጎን ሲሆኑ ማውራት ይቀላል። «ማንም አላናገረኝም» ካለች፣ እባክዎ «ተያቸው፣ ምን ያደርጉልሻል» አይበሏት። «ይከብዳል» ይበሏትና ዝም ይበሉ። ይህቺ ዝምታ ለወላጅ ከባድ ናት፤ አውቃለሁ። ግን የሚቀጥለው ንግግር የሚመጣው ከዝምታዋ በኋላ ነው።

የድሮ ጓደኞቿን እንድታገኝም መንገድ ያመቻቹላት። ብዙ ጓደኛ አያስፈልጋትም፤ አንድ ልብ ለልብ የምታወራው ሰው ብዙ ይለውጣል። የምታምናት አክስት ወይም መምህርት ካለችም ከቤት ውጪ የምትሰማው ድምፅ ትሆናለች።

እንቅልፏና ምግቧ ለሳምንታት ከተዛባ፣ የምትወደውን ነገር ሁሉ ከተወች ግን የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ይውሰዷት። «ብሞት ይሻለኛል» ዓይነት ነገር ከተናገረች ደግሞ ራሷን ለመጉዳት አስባ እንደሆነ በግልጽ ይጠይቋት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርባትም። ብቻዋን አይተዋት፣ በዚያው ዕለትም ወደ ሐኪም ይዘዋት ይሂዱ።