ጠይቁን፦ ሲወራ የሚያስቅ፣ ሲጻፍ የሚደርቅ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከሀዋሳ የደረሱን ናቸው፤ ሁሉም የሚጠይቁት ስለ ወግ አጻጻፍ ነው።

ጥያቄ፦ ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ጥብስ አዝዤ ተቀምጬ ሳለ አንዲት ጦጣ ከኋላዬ መጥታ ዓሣውን ትታ ዳቦውን ይዛብኝ ዛፍ ላይ ወጣች። ለጓደኞቼ ሳወራው ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ስጽፈው ግን እኔን ራሴን አያስቀኝም። አጀማመሩ እንዲህ ነው፦ «ባለፈው እሑድ በጣም የሚያስቅ ነገር ገጠመኝ። ጦጣ ዳቦዬን ሰረቀችኝ። በጣም ተናደድኩ።» ጥፋቱ የት ላይ ነው? (ከሐይቅ ዳር)

መልስ፦ «በጣም የሚያስቅ» ብሎ የጀመረ ጸሐፊ አንባቢውን እጁን አጣጥፎ «እስቲ አስቀኝ» እንዲል ጋብዞታል። ይሰረዝ። ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ደግሞ ወጉን በሦስት ቃል ጨርሶታል፤ ከዚህ በኋላ አንባቢው የሚጠብቀው ነገር የለም። ከሁሉ የሚያስቆጨው፣ «ዓሣውን ትታ ዳቦውን» የምትለዋ ምርጥ ነገር ለእኛ በላኩት ደብዳቤ ውስጥ አለች፤ ወጉ ውስጥ ግን የለችም።

ለጓደኞችዎ ሲያወሩ ፊትዎ፣ እጅዎና ትንፋሽዎ ያግዝዎታል። ወረቀት ላይ እነዚህን የሚተካቸው የነገሩ ቅደም ተከተል ነው። ስለዚህ ታሪኩን ሰምቶት ለማያውቅ ሰው እያወሩ በስልክዎ ይቅዱት። ከዚያ ቃል በቃል ይገልብጡትና ሰሚው የሳቀበትን ቦታ ሁሉ ያስምሩበት። ብዙ ጊዜ ሳቁ የሚመጣው ጸሐፊው ካሰበበት ቦታ ሳይሆን ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር ቀደም ብሎ ነው። «እንትን»ና «ማለት ነው» ይውጡ። አንድ «ምን አለፋችሁ» ቢቀር ግን አይጎዳም፣ እንዲያውም ያጣፍጣል።

ቀጥሎ የዐረፍተ ነገሩን ጅራት ይመልከቱ። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያኖር፣ «ጦጣ ዳቦዬን ሰረቀችኝ» ሲባል የሚያስደንቀው ቃል ፊት ወጥቶ ያልቃል፤ ጫፍ ላይ የሚቀረው ማንም የሚገምተው «ሰረቀችኝ» ነው። በ«ነው» እና በ«ናት» ግን የተደበቀውን ወደ መጨረሻ መግፋት ይቻላል፦

«ከኋላዬ አንድ እጅ መጣ። አስተናጋጁ መስሎኝ ‹አመሰግናለሁ› አልኩ። ዳቦውን ያነሳችው ጦጣ ናት።»

(ምስጋናዋን የጨመርናት እኛ ነን። ካልሆነች ይተዉዋት፤ በዚያች ሰዓት በእርግጥ ያሉትን ያስገቡ። ማጋነን ይፈቀዳል፣ ግን መጠንን እንጂ ድርጊትን አይፍጠሩ።)

ሦስተኛው መሣሪያ አንቱታ ነው። ተረቱ «እመት ጦጢት» እያለ ስላሳደገን አንባቢው ማዕረጉን ያለ ማብራሪያ ይቀበላል፦ «እመት ጦጢት ዓሣውን አሽትተው ተዉት። ዳቦውን መረጡ።» የትልቁ ወፍ የአባ ኮዳ ስማቸውማ ራሱ በ«አባ» ስለሚጀምር ሐይቁ ዳር ቆመው ሲታዘቡ አንቱታው ሳይለመን ይመጣል። ጨዋታው ግን ከአንድ አንቀጽ በላይ አይዘልቅም፤ ከዚያ ያንገሸግሻል። ጦጣዋ ለሁለተኛ ዙር ስትመለስ ከ«እርስዎ» በቀጥታ ወደ «አንቺ!» ያውርዷት። መውረዱ ንዴቱን ስለሚናገር «በጣም ተናደድኩ» የሚለው ሥራ ፈት ይሆናል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ዋና ያስተምራል። «ወንድሜ ዋና አሠልጣኝ ነው፤ ሐይቅ ውስጥ እንጂ ሜዳ ላይ አይገኝም» ብዬ ጻፍኩ። ያነበቡት ሁሉ «ምን ማለት ነው?» አሉኝ። በቅንፍ ላብራራው? (ከታቦር)

መልስ፦ አያብራሩት፣ በቅንፍ የተፈታ ሕብረ ቃል የቀዘቀዘ ሽሮ ነው። ችግሩ ከፊደላችን ይመጣል፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አይጽፍም። «ዋና» «ና»ው ሲጠብቅ አለቃ ነው፣ ሲላላ ውሃ ውስጥ ይገባል። «ሽፍታ»ም እንዲሁ ነው፤ ሲጠብቅ ቆዳ ላይ ይወጣል፣ ሲላላ ጫካ ይገባል። እርስዎ ሁለቱንም ትርጉም በአንድ ዐረፍተ ነገር አሸከሙትና አንባቢው የትኛውን እንደሚይዝ ግራ ገባው።

መጀመሪያ በአንደኛው ንባብ እንዲደላደል ጊዜ ይስጡት፣ ከዚያ በአንድ ዕቃ ይገልብጡት፦

«ወንድሜ ዋና አሠልጣኝ ሆኖ ተቀጠረ። እናቴ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ ቡና አፈላች። የትኛው ቡድን እንደሆነ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሰኞ ጧት ፎጣ ይዞ ወጣ።»

ፎጣው ሥራውን ስለሚሠራ «ውሃ» የሚለው ቃል እንኳ አያስፈልግም። ከፎጣው በኋላ ስለ ዋና አንድም ቃል አይጨምሩ፤ ወደሚቀጥለው ነገር ይለፉ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለን፦ ይህ ቀልድ ለዓይን ብቻ ነው። ወጉን ሬዲዮ ላይ ወይም መድረክ ላይ የሚያነቡት ከሆነ ያውጡት፤ አፍ አንዱን መርጦ ማጥበቅ ወይም ማላላት ግዴታው ነው፣ ምስጢሩም እዚያው ይወጣል።

ጥያቄ፦ ስለ አክስቴ ጉርሻ የጻፍኩት አለ። ታትሞ ብታየው ትቀየመኛለች ብዬ ፈራሁ። ስሟን ብቀይር ይበቃል? (ከመናኸሪያ)

መልስ፦ አይበቃም። የሚያውቃት ሰው ከስሟ ይልቅ በሰፈሯ፣ በሥራዋና በአነጋገሯ ይለያታል፤ ከእነዚህ ቢያንስ ሁለቱን ይቀይሩ። ሕመም፣ ዕዳና የትዳር ጉዳይ ከነጭራሹ አይግቡ፤ ስም ቢቀየርም ሰፈር ያውቃል።

ይልቅ ሳቁ በማን ላይ እንደሚወድቅ ይፈትሹ። «አክስቴ ሰው እስኪታነቅ ታጎርሳለች» ብለው ከሆነ፣ ይህ ሐሜት ነው። እንዲህ ቢሉትስ፦ «አራተኛው ጉርሻ ላይ ‹በቃኝ› ለማለት አፌን ከፈትኩ። ስሕተቴ እሱ ነው።» አክስትዎ አሁንም አሉ፣ ጉርሻውም አለ፤ ሞኙ ግን እርስዎ ሆኑ። ይህንን ለእሳቸውም ቁጭ ብለው ማንበብ ይችላሉ፤ ደግሞም ከመታተሙ በፊት ያንብቡላቸው። «አራት አይደለም፣ አምስት ነው ያጎረስኩህ» ካሉ እርማታቸውን እንዳለ ወጉ ውስጥ ያስገቡት። ከዚያ የተሻለ ዐረፍተ ነገር ጸሐፊ አይፈጥርም።

ጥያቄ፦ በአለቃ ገብረ ሃና ቀልድ ልጀምር አስቤያለሁ። ርዝመቱስ ስንት ይሁን? (ከአዲስ ከተማ)

መልስ፦ በአለቃ አይጀምሩ። ቀልዱን አንባቢው ያውቀዋል፤ እርስዎ መሐሉ ላይ ሳሉ እሱ ጨርሶ ይጠብቅዎታል። ካላወቀውም ከአለቃ ቀጥሎ መናገር ለማንም አይመከርም።

አንድ ገጠመኝ ከ600 እስከ 800 ቃል ይችላል። ከዚያ ካለፈ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወግ ተጣብቆ ነው፤ ለምሳሌ የባጃጁ ጭቅጭቅና የዓሣው። ይለያዩዋቸው። ድርጊቱ ቢዘገይ እስከ ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ድረስ ይጀምር፤ ስለ ሐይቁ ውበት የተጻፈው የመጀመሪያ አንቀጽ አብዛኛውን ጊዜ ለጸሐፊው ማሟሟቂያ ስለሆነ ያለ ሐዘን ይወጣል። ሁለት ቀን ያሳድሩትና ድምፅ አውጥተው ያንብቡ፤ ምላስዎ የተደናቀፈበት ዐረፍተ ነገር ለሁለት ይከፈል። «ከዚያ ቀን ወዲህ» ብሎ የሚጀምር መጨረሻ ካለዎት በመዳፍዎ ሸፍነው ከላዩ ያለውን ያንብቡ። ምንም ካልጎደለ እዚያው ላይ አራት ነጥብ ያኑሩ።