የአያትሽን የሽመና ዕቃ ሳትሞክሪ ሥራሽን አትልቀቂ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ትሰፊያለሽ። ከጨንቻ የመጡት አያትሽ የሸመኑበት ዕቃ ደግሞ ተፈታቶ ጓዳ ተቀምጧል። "ሥራዬን ለቅቄ ሽመና ልጀምር?" ነው ጥያቄሽ።

አሁን አትልቀቂ። መጀመሪያ ዕቃውን ተክለሽ ሞክሪው።

እንጨቱን በጥፍርሽ ጫን ጫን እያደረግሽ ፈትሺው፤ ምስጥ የገባበት ቦታ ይፈረፈራል። ድሩን፣ ማለትም በቁመት የሚወጠረውን ክር፣ ከፍ ዝቅ የሚያደርጉት የክር ቀለበቶች ብዙ ዓመት ከተቀመጡ ይበጣጠሳሉ፣ አትሳሺላቸው፣ በአዲስ ጠንካራ ክር ቀይሪያቸው። ማጉን፣ ማለትም በአግድም የሚገባውን ክር፣ ጠጋ ጠጋ የሚያደርገው ማበጠሪያ አንድ ጥርሱ እንኳ ከተሰበረ ወይም ከተጣመመ ጨርቁ ላይ ከላይ እስከ ታች መስመር ይተዋል፣ ያንን ደግሞ ገዢ ወዲያው ነው የሚያየው።

የምትኖሪው ኪራይ ቤት ከሆነ ተቀምጠሽ ስትሸምኚ እግርሽ የሚገባበትን ጉድጓድ ለመቆፈር አከራይሽን አስፈቅጂ። እምቢ ካሉ አናጺ ከፍ ያለ ማቆሚያ ይሥራልሽ፤ እግርሽ መርገጫው ላይ እስከደረሰ ድረስ ይሸመናል።

ለሙከራ ነጠላ አትጀምሪ። ሁለት ሜትር የሚሆን ጠባብ ድር፣ ወፈር ባለ የፋብሪካ ክር ይበቃል። ድሩ ነጭ ከሆነ ማጉን ቀይ አድርጊው፣ የተዘለለ ክር ካለ ፍጥጥ ብሎ ይታይሻል። ጨርቁ ከዳርና ዳር ወደ ውስጥ እየጠበበ ከሄደ ማጉን አጥብቀሽ እየጎተትሽ ነው፣ ላላ አድርጊው። አንዱ ጎን ጠብቆ ሌላው ከላላ ግን ጥፋቱ የእጅሽ ሳይሆን የድሩ አወጣጠር ነው፣ ፈትተሽ እንደገና ወጥሪ። አንድ ሙሉ እሁድ ይበላል። ይብላ!

"ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ ነው" የሚልሽ ሰው ይኖራል። ልማዱ እንደዛ ነበር፣ እውነት ነው፤ ማጉን በድሩ መሃል የሚያሳልፈው መወርወሪያ ግን የያዘውን እጅ አይመርጥም። ይልቅ በዕድሜ የገፉ ሸማኔ ፈልጊና ድር ሲወጥሩ አጠገባቸው ተቀመጪ። እኔ በጽሑፍ ልነግርሽ የማልችለውን ያሳዩሻል።

ከዚያ ወደ ነጠላ ስትገቢ ሁለት ስፋት ተሸምኖ መሃሉ ላይ እንደሚጋጠም አትርሺ፣ ማለትም ሥራው እጥፍ ነው። ሰዓትሽን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደብተር ላይ መዝግቢ፤ ድር የወጠርሽበትንም ጭምር፣ ብዙ ሰው እሱን ሳይቆጥር ነው ዋጋ የሚያወጣው። ሦስተኛውን ነጠላ ስትጨርሺ ሰዓቱንና የክሩን ወጪ ላኪልኝና ከደሞዝሽ ጋር አብረን እናሰላዋለን።