እናታችን ካንሰር እንዳለባት እንዳይነገራት ሐኪሙን ማስገደድ እንችላለን?

ጥያቄ፦ እናታችን 68 ዓመቷ ነው። ሐኪሙ ካንሰር እንደተገኘባት ለእኔና ለወንድሜ ነገረን። ብትሰማ ተስፋ ትቆርጣለች ብለን ስለፈራን «የጨጓራ ቁስለት ነው በላት» ብለን ለመንነው። እሱ ግን ሕክምና ከመጀመሯ በፊት ማወቅ አለባት ብሎ እምቢ አለ። ልጆቿ ስለሆንን በሕግ ልንከለክለው አንችልም?

መልስ፦ አትችሉም። እናታችሁ አእምሮዋ ጤነኛ የሆነ አዋቂ ሰው ናት። ስለ ሰውነቷ የምትወስነው እሷ ናት፤ ልጅ መሆን ይህን ሥልጣን አይሰጥም። የየአገሩ ሕግ በዝርዝሩ ቢለያይም ብዙ ቦታ መነሻው ይኸው ነው።

ጭንቀታችሁ ከፍቅር እንደመጣ ይገባኛል። ሐኪሞችም በአንድ ወቅት እንደ እናንተ ያስቡ ነበር። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1961 በታተመ ጥናት፣ ከተጠየቁት ሐኪሞች 90 በመቶ ያህሉ ለታማሚው ካንሰር እንዳለበት አለመንገርን ይመርጡ ነበር። በ1979 ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብ ግን 97 በመቶዎቹ መንገርን መረጡ።

አሁን ወደ ፈቃዱ እንምጣ፤ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ኬሞቴራፒም ሆነ ቀዶ ሕክምና ያለ ታማሚው ፈቃድ አይጀመርም። እናታችሁ ቁስለት መስሏት ብትፈርም ፈቃዷ ዋጋ የለውም፤ የፈቀደችው ለሌላ በሽታ ነውና። ሐኪሙም በሕግ ሊጠየቅ ይችላል። ደግሞም ማወቋ ለሕክምናው ብቻ አይደለም የሚጠቅማት። ኑዛዜ መጻፍ፣ የተጣላችውን መታረቅ፣ ከባዱን ሕክምና መቀበል ወይም መተው ትፈልግ ይሆናል። ይህን ጊዜ ከእሷ መንጠቅ ከድንጋጤው የባሰ በደል ነው ብዬ አምናለሁ።

መረጃው ራሱ በሕይወቷ ወይም በጤናዋ ላይ ከባድ አደጋ የሚያመጣ ከሆነ ሐኪሙ ሊያቆየው የሚችልበት ልዩ ሁኔታ አለ። ግን በጣም ጠባብ ነው። የብሪታኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2015 በሰጠው ውሳኔ ይህ ልዩ ሁኔታ ያለአግባብ እንዳይሠራበት አሳስቧል። «ታዝናለች» ማለት ብቻውን አይበቃም።

ሌላ በር ግን አለ። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1981 አውጥቶ ኋላ ያሻሻለው የሊዝበን መግለጫ፣ ታማሚው በግልጽ ከጠየቀ አለማወቅም መብቱ እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ ሐኪሙን እንዲዋሽ አትለምኑት፤ ይልቅ እንዲህ ብሎ ይጠይቃት፦ «እናቴ፣ ውጤቱን ራስዎ መስማት ይፈልጋሉ ወይስ ለልጆችዎ ልንገራቸው?» ለልጆቼ ንገር ካለች መልሷ በካርዷ ላይ ይጻፍ፤ ማን እንደሚወስንላትም በጽሑፍ ትሰይም። ልስማ ካለች ደግሞ ይነገራት። ከፈቀደች አብራችኋት ግቡ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሐኪሙ እሷን ሳይጠይቅ ቀድሞ ለእናንተ መንገሩም ልክ አልነበረም፤ ምስጢሩ የእሷ ነው። እሷ እስክትፈቅድ ድረስ ለአክስትም ለጎረቤትም አታውሩ።