ግድግዳውን በሲሚንቶ ከማስለሰንዎ በፊት

ጥያቄ፦ የምንኖረው ጅማ፣ አዌቱ ወንዝ አጠገብ ነው። ቤታችን ስምንት በስድስት የሆነ የጭቃ ቤት ነው፤ ክዳኑ ቆርቆሮ። ባለፈው ሚያዝያ ነፋስ የበረንዳውን ጥግ ገንጥሎ አነሳውና ባለቤቴ ድንጋይ ጭኖበታል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ከላይ ከመንገዱ የሚወርደው ጎርፍ ግቢያችን እየገባ የግድግዳው እግር ይረጥባል፤ ምርጉም ይረግፋል። ጎረቤት ሁሉ «በሲሚንቶ አስለስኑት» ይለናል። ዕድራችን በበኩሉ ገንዘብ አዋጥቶ በመንደሩ መግቢያ ላይ ውኃ የሚያግድ ግንብ ሊያሠራ ነው። ያለችን ገንዘብ ትንሽ ናት። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሲሚንቶውን ይተዉት። ጣሪያው ላይ ያሉትን ድንጋዮች ዛሬውኑ ያስወርዱ። ስለ ግንቡ ዕድሩ እንደገና ይምከር፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ከድንጋዩ ልነሣ። ጅማ ውስጥ ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ ቁልቁል ለሚያይ ሰው የጣሪያው ግማሽ ድንጋይና አሮጌ ጎማ የተሸከመ ነው። ቆርቆሮ ለመንቀል የበረታ ነፋስ ለአንድ ድንጋይ አይመለስም፤ ይዞት ይነሣል። ከዚያ በኋላ ድንጋዩ የት እንደሚያርፍ የሚያውቅ የለም። ልጆች ያሉበት ግቢ ከሆነ እኔ አንድ ሌሊት እንኳን አላሳድረውም።

ብዙ ሰው ነፋስ ጣሪያን ከላይ የሚመታው ይመስለዋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ነፋስ በጣሪያው ላይ ሲያልፍ ቆርቆሮውን ወደ ላይ ይስበዋል። በረንዳ ካለ ደግሞ ከሥር ገብቶ ይገፋል። ስበቱ የሚበረታው በጥጎች፣ በክፈፉ (ከግድግዳው አልፎ በሚወጣው የጣሪያ ጠርዝ) እና በጣሪያው አናት ላይ ነው። የእርስዎ ጣሪያ ከበረንዳው ጥግ መገንጠል መጀመሩ እንግዳ ነገር አይደለም። ወሩ ሚያዝያ መሆኑም አያስደንቅም፤ ጅማ ላይ ዝናብ ሰኔን አይጠብቅም፤ ከመጋቢት ጀምሮ ነጎድጓድ ያዘለ ደመና ይመጣል። እኔ ከተነቀሉ ጣሪያዎች አብዛኞቹን የጠገንሁት ከክረምቱ በፊት ባሉት በእነዚያ ወራት ነው።

አሁን መሰላል አስደግፈው ባለቤትዎ አንድ ነገር ይመልከቱልኝ። የቆርቆሮውን ምስማር ቆብ በሁለት ጣት ይዘው ያወዛውዙት። ከተነቃነቀ ሞቷል። ብዙውን ጊዜ የጣሪያው እንጨት ሲሠራ እርጥብ ባሕር ዛፍ ነበር ማለት ነው። እርጥብ እንጨት ላይ የተመታ ምስማር በዕለቱ ጥብቅ ይላል፤ እንጨቱ እየደረቀ ሲኮማተርና ሲሰነጠቅ ግን ምስማሩ ይላላል። ቀጥሎ ከሥር ሆነው ማገሩን፣ ቆርቆሮው የተመታበትን አግዳሚ እንጨት፣ ይዩ። የምስማሩ ጫፍ ማገሩን በስቶ ወጥቶ ተቆልምሟል? ካልወጣ ምስማሩ አጭር ነው፤ ወጥቶም ካልተቆለመመ ሥራው ግማሽ ላይ ቀርቷል። መቆልመም ለአንድ ምስማር ሁለት ምት ነው፤ ከሥር የሚቆም አንድ ረዳት ይፈልጋል። አናጢው የሚዘለው ለረዳቱ ላለመክፈል ነው።

አዲስ ምስማር በአሮጌው ቀዳዳ አይመታም። አሮጌውን ነቅለው ቀዳዳውን በሬንጅ ይድፈኑትና አዲሱን በአጠገቡ ባለው ጉብታ ላይ ይምቱ። ምስማር ምን ጊዜም በቆርቆሮው ጉብታ እንጂ በጎድጓዳው አይገባም፤ ጎድጓዳው የውኃ መንገድ ነው። በክፈፉ፣ በዳር በዳርና በአናቱ ላይ አንድ ጉብታ እየዘለሉ ይምቱ፤ መሐሉ ላይ በየሦስተኛው ጉብታ ይበቃል። ቆርቆሮ መለወጥ ካለብዎ ቁጥሩን ይጠይቁ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል። አንድ ነጋዴ «32 ከ28 ይበልጣል» ብሎ ለደንበኛዬ ስሱን በወፍራሙ ዋጋ ሸጦለት፣ እኔ ስደርስ ሁለት መደዳ ተመትቶ ነበር። በጣት ሲጫኑት እንደ ብራና ይንጣጣል።

ምስማር ብቻውን ግን ጣሪያ አይዝም። ቆርቆሮው ማገሩን፣ ማገሩ ወራጁን (ከጣሪያው አናት ቁልቁል የሚወርደውን እንጨት)፣ ወራጁ በግድግዳው አናት የተጋደመውን እንጨት፣ እሱ ቋሚውን፣ ቋሚው ደግሞ መሬቱን መጨበጥ አለበት። ከእነዚህ አንዱ ከላላ ነፋሱ የሚፈልገው እሱኑ ነው። ዚንክ የተነከረ ሽቦ ይግዙ፤ ጥቁሩ ሽቦ በጅማ እርጥበት ቶሎ ይዝጋል። ወራጁንና የግድግዳውን አናት እንጨት በእጥፍ ሽቦ ሁለት ዙር ጠምጥመው በፒንሳ ያጥብቁ። ሽቦው ጥብቅ ሲል ያቁሙ፤ ከዚያ ካለፈ ይበጠሳል። ይህ ለእርስዎ ቤት የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ከጠቅላላው ወጪ ትንሹም እሱ ነው። እኔ ለአንድ ነገር ብቻ ገንዘብ ቢኖረኝ ለዚህ አወጣው ነበር።

የበረንዳው ቋሚዎች ስድሳ ሳንቲ ሜትር ያህል መሬት ውስጥ መግባት አለባቸው። ጫፋቸው ላይ አንድ ክንድ የሚያህል አግዳሚ እንጨት ይመታባቸውና ድንጋይ እየተጠቀጠቀ ይሞላ፤ ነፋስ ወደ ላይ ሲስበው ያ አግዳሚ መልሕቅ ይሆናል። ከመሬት በታች የሚገባውን የተቃጠለ ዘይት ይቀቡት፤ ምስጥን ያዘገያል። ጣሪያውን ከነካኩት አይቀር ደግሞ የበረንዳውን ቆርቆሮ ከዋናው ይለዩት። በአንድ ቆርቆሮ ከተያያዙ በረንዳው ሲሄድ የመኝታ ቤቱን ክዳን ይዞ ይሄዳል። ክፈፉን አሳጥረን ነፋሱን እንቀንስ የሚሉም አሉ። ለብሎኬት ቤት ይሁን፤ ለጭቃ ግድግዳ ግን ክፈፍ ጃንጥላው ነው። ጅሬን ኮረብታ ወጥቶ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያየ ሰው የዚያ ዘመን አናጢዎች በረንዳውን ለምን እንዲያ እንዳሰፉት ሳይነገረው ይገባዋል። ስድሳ፣ ሰባ ሳንቲ ሜትር ክፈፍ ይተዉ፤ በሽቦ በሚገባ ይሰሩት።

ወደ ውኃው እንምጣ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። የእርስዎ ቤት አርባ ስምንት ካሬ ነው፤ በአንድ ብርቱ ዝናብ 40 ሚሊ ሜትር ቢወርድ ከጣሪያዎ ብቻ 1,920 ሊትር ይፈሳል። ወደ አሥር በርሜል መሆኑ ነው። አሸንዳ ከሌለዎት ይህ ሁሉ የሚወርደው የግድግዳው እግር ላይ ነው። ስለዚህ ሁሉንም በመንገዱ ጎርፍ ከማሳበብዎ በፊት ከራስዎ ጣሪያ የሚወርደውን ይያዙ። አሸንዳው በየሁለት ሜትሩ አንድ ሳንቲ ሜትር ያዘቅዝቅ፤ ሜትር ሳይሞላ ደጋፊ ብረት ይኑረው። በርሜል ላይ ቢያወርዱት ልብስ ማጠቢያ ይሆንዎታል፤ በርሜሉ ሲሞላ የሚተርፈው ወዴት እንደሚሄድ ግን አስቀድመው ያስቡ።

ከመንገዱ የሚመጣውን ጎርፍ የሚቀበል ቦይ በግቢዎ የላይኛው ወገን ይቆፈር። ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ይራቅ፤ ግድግዳ ሥር የሚቆፈር ቦይ መሠረቱን ይበላዋል። ለቦዩ ተዳፋት ዓይንዎን አይመኑ፤ ዓይን ያታልላል። አሥራ አምስት ሜትር ርዝመት ያለው፣ ውስጡን የሚያሳይ የላስቲክ ቱቦ ይግዙ፤ የእኛ ሰው ከቆዩት ግንበኞች የወረሰው ውኃ ልክ ነው። ቦዩ በሚጀምርበትና በሚያልቅበት ቦታ ሁለት እንጨት ይትከሉ። ቱቦውን ውኃ ሞልተው ሁለቱን ጫፎች ከእንጨቶቹ ጋር ይያዙ። ውኃው ረግቶ ሲቆም በሁለቱም በኩል ያለው ወለል እኩል ከፍታ ነው፤ እዚያ ላይ በከሰል ምልክት ያድርጉ። ከምልክቱ እስከ ቦዩ ወለል ያለውን በሜትር ይለኩ። አሥር ሜትር ርዝመት ላይ የታችኛው ልክ ከላይኛው በአሥር ሳንቲ ሜትር ከበለጠ ውኃው ይሄዳል፤ ሃያ ቢሆን ደለሉንም ጠርጎ ይሄዳል። ቱቦው ውስጥ አንዲት የአየር አረፋ ብትኖር ልኬቱ ሁሉ ውሸት ነውና ከመለካትዎ በፊት ቱቦውን እየቧጠጡ ያስወጧት። እኔ ወጣት ሳለሁ በዚህች አረፋ ምክንያት ወደ ኋላ የሚፈስ ቦይ ቆፍሬ አውቃለሁ፤ ባለቤቱ ደሞዜን የሰጠኝ ስቆ ነው።

ሲሚንቶን ለምን እንደከለከልሁ ልንገርዎት። የጭቃ ግድግዳ ይተነፍሳል፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶ ይህን አያውቅም። በሁለተኛው ክረምት ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ይወጣበታል፤ ውኃው በእሷ ይገባና መውጫ ያጣል። ከላይ ሲያዩት ያማረ ነው፤ በጣት አንኳኩተው ያዳምጡት፣ እንደ ቅል ይጮኻል። ገንጥለን ስንከፍተው ውስጡ ያለው ቋሚ በጥፍር የሚፋቅ ብስባሽ ሆኖ ነው የምናገኘው። ገንዘብዎን በዚህ ፋንታ በግድግዳው እግር ላይ ያውሉት፦ የረገፈውን ምርግ እስከ ጉልበት ድረስ ፍቀው ያንሱ፣ ቋሚዎቹን ይፈትሹ፣ የበሰበሰውን ይለውጡ፣ ከመሬት አርባ ሳንቲ ሜትር ያህል የድንጋይ ካብ ያስይዙ። ጭቃው ከካቡ በላይ ይጀምር። ምርጉን ከጤፍ ጭድ ጋር ለቀናት አቡክተው እየረገጡ ይለስኑት፤ ያልቦካ ጭቃ ይሰነጠቃል። ከካቡ ውጪ ያለውን መሬት በቀይ አፈር ጠቅጥቀው ወደ ውጪ ያዘቅዝቁት። ወንዙ ዳር ያለው አፈር ዋልካ፣ ሲረጥብ የሚያብጥ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር፣ ስለሆነ ለዚህ አይሁንዎት፤ ከዳገቱ ቀዩን ያስመጡ።

የዕድሩ ግንብ። ሐሳቡ ከቅንነት እንደመጣ አውቃለሁ፤ ነገር ግን መንገድ የተዘጋበት ውኃ አይጠፋም፤ ከግንቡ ሥር ላለው ወይም ከጎን ላለው መንደር ይተርፋል። ከውስጥ የዘነበው ደግሞ መውጫ አጥቶ ግንቡ ገንዳ ይሆንባችኋል። ያ ገንዘብ የመንደሩን ቦይ ከላይ እስከ አዌቱ ድረስ ለመክፈትና ከመንገድ ሥር የሚያልፈው የውኃ ቱቦ በጠበበበት ለማስፋት ይዋል። ቦዩን ማን እንደዘጋው ለማወቅ ብዙ ምርመራ አያስፈልግም፤ አካፋ ይዞ መውረድ ነው። እኛ ባለፈው ዓመት ከአንድ ቱቦ አፍ ላይ ያወጣነው ላስቲክ፣ የጫት ገረባና አንድ ሙሉ የፍራሽ ልባስ ነበር። ይህ ሥራ ከሚያዝያ ባይዘገይ ጥሩ ነው፤ ሰኔ ላይ ደግሞ አንድ ጊዜ ይደገም። የወንዙን ዳርና ቦዬ የሚባለውን ረግረግ በአፈር መሙላትም ይቁም። ረግረጉ ጎርፉን ተቀብሎ ቀስ ብሎ የሚለቅ ነው፤ እሱ ሲሞላ ውኃው ተመልሶ እናንተ ዘንድ ያድራል።

ለክፉ ቀን ሃምሳ ማዳበሪያ ከረጢት ይቀመጥ። አፈሩ ከከረጢቱ ሁለት ሦስተኛ አይለፍ፤ የሞላ ከረጢት ድቡልቡል ይሆንና በመሐሉ ውኃ ያሳልፋል። አፉን ከሥሩ አጥፈው እንደ ጡብ እያፈራረቁ ይደርድሩና በእግር ይጠቅጥቁት። ድርድሩ ውኃውን ፊት ለፊት የሚገጥም ሳይሆን በሰያፍ ወደ ቦዩ የሚመራ ይሁን። ማን የማንን አዛውንት እንደሚያነሣ፣ ሌሊት ከሆነ ማን መስጊዱ ዘንድ ሄዶ በድምፅ ማጉያ እንደሚያስጠራ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የዕድሩን ዕቃ ቤትም ይዩት። አንድ የማውቀው ዕድር ድንኳኑንና ድስቶቹን ከሁሉ ዝቅ ባለው ክፍል አስቀምጦ፣ ጎርፍ በመጣ ቀን ከሁሉ በፊት የጠፋው እሱ ነበር።

ቤታቸው ከዳገት ሥር የሆነ የዕድር አባላት ካሉ ለእነሱ ምክሩ ሌላ ነው። ለቤት መደልደያ ሲባል ጀርባው ቀጥ ተደርጎ የተቆረጠ ዳገት ላይ ስንጥቅ ከታየ፣ ዛፍና አጥር ካዘነበለ፣ ወይም ከመሬት ድፍርስ ውኃ መፍለቅ ከጀመረ፣ ሌላ ቦታ ይደሩ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን የመሬት ናዳ ሁላችንም ሰምተናል፤ ከሁለት መቶ በላይ ሰው አልቋል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው ወረደ። አንዴ የተናደ ዳገት እንደገና ሊናድ ይችላል። ከሥሩ የሚቆፍሩ ሰዎች ካሉ አንድ ሰው ከጎን ቆሞ ዳገቱን ብቻ ይመልከት፣ ድንጋይ መንከባለል ሲጀምር ይጩህ።

ስለ ኤሌክትሪክ አንድ ቃል፦ ውኃ ደጃፍ ሲደርስ ከቆጣሪው ሥር ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ ያጥፉ፤ ወለሉ ከረጠበ በኋላ ግን አይቅረቡት። ሶኬቶቹ ከወለል አንድ ሜትር ከፍ ቢሉ ይሻላል።

ቅደም ተከተሉን እንግዲህ እንዲህ ያድርጉት፦ ዛሬ ድንጋዩ ይውረድ፣ በዚህ ሳምንት ሽቦው ይታሰር፤ ቀጥሎ ምስማሩ፣ ቀጥሎ ቦዩና አሸንዳው። የግድግዳው እግር በጋ ላይ ይሠራል፤ በክረምት የተለሰነ ጭቃ አይደርቅም። አናጢ ሲቀጥሩ ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት «ምስማሩን ትቆለምማለህ?» ብለው ይጠይቁት። «አያስፈልግም» ካለ ቡና አጠጥተው ይሸኙት።