ቅጣቱን ከፍያለሁ፤ ታዲያ ምን አጠፋሁ?

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፦

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምኖረው ፍራንክፈርት ሲሆን በአረጋውያን መጦሪያ ቤት በፈረቃ እሠራለሁ። እኔና ባለቤቴ ስንት ጊዜ ወረፋ ጠብቀን፣ እዚህ ሁላችንም ፌራይን ከምንለው የአትክልተኞች ማኅበር ቁራሽ መሬት ተከራየን። የሐበሻ ጎመን፣ ቃሪያ፣ በሶብላና ጤና አዳም ተክለናል። ልጆቼ ከስልክ የሚላቀቁት እዚያ ሲሄዱ ብቻ ነው።

ችግሩ የጋራ ሥራው ነው። እያንዳንዱ አባል በዓመት የተወሰነ ሰዓት እየወጣ መንገድ መጥረግ፣ አጥር መከርከም፣ የመሰብሰቢያውን ቤት ማደስ አለበት። ቀኑ ሁልጊዜ ቅዳሜ ጠዋት ነው። እኔ ደግሞ ቅዳሜን አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ነኝ፤ ባለቤቴ ታክሲ ስለሚነዳ ገበያው ቅዳሜ ነው። ስለዚህ የቀረንበትን ሰዓት ሒሳብ ሲልኩልን ሳንዘገይ እንከፍላለን።

ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ አንዱ ተነሥቶ «አንዳንዱ ገንዘብ ይልካል፣ እኛ አካፋ እንይዛለን» አለ። ስም አልጠራም፤ ሁሉም ግን ወደኛ ዞረ። በአጥር ላይ ፖም ያቀብሉን የነበሩት ጎረቤታችን አዛውንት እንኳን አሁን ሰላምታቸው አጥሯል። የውጭ ሰው በመሆናችን ይሆን? ባለቤቴ «ክፈሉ አሉ፣ ከፈልን፣ አለቀ» ይላል። እኔ ግን እግሬ አልሄድ ብሎኛል፤ መሬቱን ልንመልሰው እያሰብኩ ነው።

ስሜ ይቆይ፣ ከፍራንክፈርት

መልስ

እህቴ፣ በደንቡ ከሄድን ባለቤትሽ ልክ ነው፤ ዕዳ የለባችሁም። ግን እስቲ አገር ቤት ያለውን እድር አስቢው። ለቀብር ያልወጣ አባል ይቀጣል፣ ይከፍላል፣ ከመዝገብም አይፋቅም። ዓመቱን ሙሉ ቅጣት እየከፈለ የድንኳን ምሰሶ ጨብጦ የማያውቀውን ሰው ግን ሰፈሩ ምን ብሎ እንደሚያማው ታውቂያለሽ።

የእናንተም ፌራይን ነገሩ ይኸው ነው። ይህ የአትክልት ማኅበር ልማድ በፈረንጆቹ 1860ዎቹ በጀርመኗ ከተማ ላይፕሲሽ ሲጀመር የልጆች መጫወቻ ሜዳ ያቋቋመ የወላጆች ማኅበር ነበር። የአትክልቱ መደብ በኋላ መጣ፤ ልጆቹ ሲሰለቹት ወላጆች ወረሱት። ዛሬም ኪራዩ ርካሽ የሆነው ሕጉ ጣሪያ ስላበጀለት ነው፤ ሌላው ወጪ የማይቆለለው ደግሞ አባላቱ መንገዱን ራሳቸው ስለሚጠርጉት ነው። ሁሉም እንደናንተ ከፍሎ ቢቀር መጥረጊያውን የሚይዝ አይገኝም።

የውጭ ሰው በመሆናችን ነው ወይ ላልሽው፣ ከዚህ ሆኜ መማል አልችልም። ጀርመኖቹ እርስ በርሳቸውም በዚሁ እንደሚነታረኩ ግን አውቃለሁ።

ስለዚህ ለኮሚቴው ጻፊ። በቃል የተነገረ እዚያ አገር ይረሳል። ፈረቃሽን ግለጪና በሥራ ቀን ማታ የሚሠራ ነገር ጠይቂ፤ በር ላይ ያለውን የአበባ መደብ ማጠጣት፣ የጋራውን ብስባሽ ማገላበጥ፣ የመሰብሰቢያውን ቤት ማጽዳት። ብዙ ሰው የሚሸሸው ሥራ ስለሆነ እንቢ የሚሉሽ አይመስለኝም። በዓመት አንዲት ቅዳሜ ግን ፈረቃ ተቀያየሪ፤ ባለቤትሽም ሌላ አንዲት ቅዳሜ ታክሲውን ያቁም። ሰው ፊታችሁን ላብ ወርዶት ይየው። ቡና አፍልተሽ፣ እንጀራ ጋግረሽ ለማስታረቅ አትሞክሪ፤ ከአካፋው በኋላ ሲሆን ያምራል፣ በአካፋው ምትክ ሲሆን ግን ሌላ ክፍያ ነው የሚመስላቸው።

አዛውንቱን ሄደሽ ፊት ለፊት «ምን አስቀየምኩዎት?» በያቸው። ጎመን ብትወስጂላቸው ጥሩ፤ ጤና አዳሙን ከሰጠሻቸው ግን አስጠንቅቂያቸው። ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ካገኘው ውኃ ያስቋጥራል፣ ያኔ ኩርፊያው ይብሳል።

መመለሱን ለጊዜው ተዪው። ገማቾች ተክላችሁን ዋጋ አውጥተው ለተረኛ ያስረክቡታል፤ ሐሳብሽን ብትቀይሪ የምትገቢው ከወረፋው መጨረሻ ነው። ደግሞም ሕጉ ከመሬቱ ወደ አንድ ሦስተኛው አትክልትና ፍራፍሬ እንዲሆን ስለሚጠብቅ በጎመንሽ የሚከስሽ የለም፤ ያ ጉባኤ ላይ የተናገረው ሰውዬ መሬቱ ሣር ብቻ ከሆነ እሱ ይጨነቅ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ሽሙጡ ከቀጠለ ግን ነገሩ የሥራ ሰዓት አይደለም ማለት ነው። ያኔ የተባለውን ከነቀኑ መዝግበሽ ለኮሚቴው በጽሑፍ አቅርቢ፤ መልሱንም በጽሑፍ ጠይቂ።