የጠፋ ፋይል ይመለሳል ወይ? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ ጠፉ ፎቶዎች፣ ስለ ተበላሹ ፍላሾችና ውሃ ስለ ገባባቸው ስልኮች የላካችሁልኝን ጥያቄዎች አንድ ላይ ልመልስ። አብዛኞቹን ሳነብ አንድ ነገር ጎልቶ ታየኝ። ፋይሉን ጨርሶ ያጠፋው ብዙ ጊዜ ከአደጋው በኋላ በድንጋጤ የተነካካው ነገር ነው። ስለዚህ ከ«ምን ላድርግ» በፊት «ምን ልተው» የሚለውን እያስቀደምኩ እሄዳለሁ።

ጥያቄ፦ የሰርግ ፎቶ አንሺ ነኝ። ወደ ኮምፒውተር የገለበጥኩ መስሎኝ ሜሞሪ ካርዱን ካሜራው ላይ ፎርማት አደረግኩት። የሙሽሮቹ ፎቶ በሙሉ ጠፋ።

መልስ፦ ካርዱን አሁኑኑ ከካሜራው አውጣው። አንድም ፎቶ አታንሳበት። ካሜራ ላይ የሚደረግ ተራ ፎርማት የሚያጠፋው ዝርዝሩን ነው። የመጽሐፍ ማውጫ ተቀድዶ ገጾቹ በቦታቸው እንደቀሩ ቁጠረው። አዲስ ፎቶ ስታነሳ ግን በአሮጌው ላይ ይጻፍበታል። አንዴ ከተጻፈበት ማንም አይመልሰውም።

ካርዱን በካርድ ሪደር ኮምፒውተር ላይ ሰካና ፎቶሬክ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ተጠቀም። ጽሑፍ ብቻ ያለበት ጥቁር ስክሪን ካስቸገረህ ኪውፎቶሬክ የሚባለው ወንድሙ በማውዝ ይሠራል። የፋይሎቹን ስም አይመልስም፤ ፎቶዎቹን ግን ከይዘታቸው እየለየ ያወጣል። የተገኘውን እዚያው ካርድ ላይ እንዳታስቀምጥ! ኮምፒውተሩ ላይ ሌላ ፎልደር ስጠው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳትና ሊድን የነበረውን በራሱ እጅ ያጠፋል።

ቪዲዮ ካለበት ግን ከባድ ነው። ረጅም ቪዲዮ ካርዱ ላይ ተቆራርጦ ሊቀመጥ ስለሚችል፣ ቢወጣም ላይከፈት ይችላል። ደግሞ ካሜራህ ሁለት ካርድ የሚይዝ ከሆነ ሁለተኛውን ሳታይ ተስፋ አትቁረጥ።

ጥያቄ፦ ፍላሼን ስሰካው «ፎርማት ይደረግ ወይ?» ይለኛል። የመመረቂያ ጽሑፌ እዚያ ውስጥ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ እሺ አትበይው፤ «ካንስል» በይና ንቀይው። ፎቶሬክ የዎርድና የፒዲኤፍ ፋይልም ያወጣል። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ቦታ ፈልጊ። ለአማካሪሽ በኢሜይል ልከሽው ነበር? ለጓደኛሽ በቴሌግራም? ቴሌግራም በተራ ቻት የተላከን ፋይል ሰርቨሩ ላይ ስለሚያቆየው የቻቱን የፋይል ዝርዝር ወደ ኋላ ሄደሽ እዪ። የአንድ ወር አሮጌ ቅጂም ቢሆን ከዜሮ ከመጀመር ያድናል።

ጥያቄ፦ ፎቶ ኮፒ ቤት ፕሪንት ካደረግኩ በኋላ ፍላሹ ላይ ያሉት ፎልደሮች በሙሉ ሾርትከት ሆኑ።

መልስ፦ ይህ ቀላል ነው። ቫይረሱ ፋይሎችህን ደብቋቸዋል እንጂ አላጠፋቸውም። ሾርትከቶቹን አትክፈት፤ ቫይረሱን የሚያስነሱት እነሱ ናቸው። በዊንዶውስ የፎልደር ኦፕሽን ውስጥ ገብተህ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርግ፤ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውንም ምልክት አንሳ። ሰነዶችህን ብቻ ገልብጥ፣ ከዚያ ፍላሹን ፎርማት አድርግ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው። ስልኬ ውሃ ውስጥ ወደቀብኝ። ሩዝ ውስጥ ከትቼዋለሁ። የልጆቼ ፎቶ አለበት።

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። ከሩዙ አውጪው። ሩዝ ስልኩ ውስጥ የገባውን ውሃ አይመጥም፤ አፕል ራሱም አታድርጉ ይላል፣ ብናኙ ስልኩን ይጎዳዋልና። አጥፊው። «ይሠራ እንደሆን ልየው» ብለሽ ቻርጀር ላይ አታድርጊው። ቦርዱን፣ ማለትም የስልኩን ዋና የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ቶሎ የሚበላው ውሃውና ኤሌክትሪኩ ሲገናኙ ነው። ዛሬውኑ ቦርድ ወደሚጠግን ባለሙያ ውሰጂው፤ ከፍቶ በአይሶፕሮፒል አልኮል ያጥበዋል። ስትሰጪው «ስልኩ ባይድንም ፎቶው ይውጣልኝ» ብለሽ በግልጽ ንገሪው። የዛሬ ስልኮች መረጃቸውን ቆልፈው ነው የሚያስቀምጡት፤ መክፈቻው ደግሞ ከዚያው ቦርድ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ቦርዱ ለትንሽ ጊዜ እንኳ መነሳት አለበት። እንዳይጥለው አስጠንቅቂው።

እስከዚያው በሌላ ስልክ በጉግል አካውንትሽ ገብተሽ ጉግል ፎቶስን እዪ። ሳታውቂው ባክአፕ በርቶ ሊሆን ይችላል። ለቤተሰብ የላክሻቸውንም መልሰው እንዲልኩልሽ ጠይቂያቸው።

ጥያቄ፦ ስልኬን ፋክተሪ ሪሴት አደረግኩት። አንድ ባለሙያ በቅድሚያ ክፍያ ፎቶዎቹን እመልሳለሁ አለኝ።

መልስ፦ አትክፈል። በአዳዲስ ስልኮች ሪሴት ሲደረግ የመክፈቻ ቁልፉ ይጠፋል፤ የቀረው ሊነበብ የማይችል ነገር ነው። የተጨነቀን ሰው ገንዘብ እንዲህ መብላት ያሳዝናል። ያለህ ተስፋ ባክአፕ ብቻ ነው። ዴሊት ብቻ አድርገህ ቢሆን ኖሮ ባክአፕ የተደረገ ፎቶ በጉግል ፎቶስ ቆሻሻ መጣያ 60 ቀን ይቆይ ነበር፤ አይፎን ላይ ደግሞ 30 ቀን።

ጥያቄ፦ ላፕቶፕ ላይ በሺፍት ዴሊት ያጠፋሁትስ?

መልስ፦ አሮጌው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ከሆነ ጥሩ ዕድል አለህ፤ ኮምፒውተሩን መጠቀም አቁም። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው አዲሱ ዓይነት ዲስክ) ከሆነ ግን ዲስኩ የተሰረዘውን ቦታ ራሱ ስለሚያጸዳው ተስፋው ጠባብ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የቤተሰብ ቪዲዮ ያለበት ሃርድ ዲስክ ከጠረጴዛ ወደቀ። አሁን ቀጭ ቀጭ ይላል።

መልስ፦ አባቴ፣ እባክዎ ከኮምፒውተሩ ይንቀሉትና ዳግም አይሰኩት። ያ ድምፅ የማንበቢያው ክፍል መጎዳቱን ነው የሚናገረው። በሰከንዶች ውስጥ ቪዲዮው የተጻፈበትን ሰሌዳ ሊፍቀው ይችላል። ማንኛውም ሶፍትዌር እዚህ ላይ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ፍሪጅ ውስጥ ይክተቱት የሚልዎትንም አይስሙ። ተራ ክፍል ውስጥ ከፍቼ አየዋለሁ ለሚልም አይስጡ፤ አንዲት ብናኝ ትበቃዋለች። ብናኝ የማይገባበት ንጹሕ ክፍል ያለው ድርጅት ያስፈልገዋል፤ ዋጋውም ውድ ነው። አሁን አቅም ከሌለዎት በደረቅ ቦታ ያስቀምጡት። ተነቅሎ ከተቀመጠ ለጊዜው ችግር የለውም።

ጥያቄ፦ በርካሽ የገዛሁት 1 ቴራባይት ፍላሽ ላይ ስማቸው የሚታይ ግን የማይከፈቱ ፋይሎች አሉ።

መልስ፦ ፍላሹ የውሸት ሳይሆን አይቀርም። ውስጡ ትንሽ ሜሞሪ ይዞ ለኮምፒውተሩ 1 ቴራባይት ነኝ ይላል። ከሞላ በኋላ የገለበጥከው ከመጀመሪያውም አልተጻፈም፤ ስለዚህ የሚመለስ ነገር የለም። የሚከፈቱትን ዛሬውኑ ወደ ሌላ ቦታ አውጣ። ሌላ ስትገዛ ደግሞ ኤችቱ ቴስት ደብሊው በተባለው ነፃ ፕሮግራም እስከ መጨረሻው ሞልተህ ፈትሽና ካላለፈ ለሻጩ መልስ።