መልስ፦ እናቴ ከሴፍቲኔት ጽዳት ወደ ቀጥታ ድጋፍ እንዴት ይዛወሩ?

ሰላም እህቴ። በሴፍቲኔት፣ ማለትም የከተማ ድሆችን በሚደግፈው የመንግሥት ፕሮግራም፣ ደሴ ላይ ደካማ እናትሽ ጽዳት ላይ የተመደቡት የቤተሰቡ አባላት በተመዘገቡበት ፎርም ምክንያት ይመስለኛል። ቀጥታ ድጋፍ፣ ማለትም ያለ ሥራ የሚከፈለው ገንዘብ፣ የሚሰጠው ከቤተሰቡ መሥራት የሚችል ሰው ከሌለ ነው። አረብ አገር ያለው ወንድምሽ ስሙ ከፎርሙ ካልተሰረዘ ወረቀቱ ላይ ጉልበት ያለው ሰው አለ ማለት ነው። ከቀበሌ አብሯቸው እንደማይኖር የሚገልጽ ደብዳቤ አውጪ፣ የሕክምና ማስረጃ ጨምሪና ለአቤቱታ ሰሚ ኮሚቴው በጽሑፍ አስገቢ። በቃል የተነገረ ይረሳል፤ ቅጂሽ ላይ ቀንና ፊርማ አስደርጊ።

አንድ ነገር ግን አስቢበት። ከሥራው ክፍያ 20 በመቶው በስማቸው ይቆጠባል፤ ሠርተው ከፕሮግራሙ ለሚመረቁም የመቋቋሚያ ገንዘብ አለ። ቀጥታ ድጋፍ ላይ ይህ የለም። በዚያ ዕድሜ በሰኞ ገበያ አቧራ መጥረጊያ ይዞ ከመዋል ግን ይሻላል፣ እኔ ብሆን አዛውራቸዋለሁ። እስካሁን የተቆጠበው የራሳቸው ስለሆነ አወጣጡን ሳትጠይቂ የዝውውሩን ወረቀት አታስፈርሚያቸው።